ስማቸው ግሥ የሆነው የሬሳ ሳጥን ሠሪ

መረጃ የሚፈልግን ሰው ጉግል አድርግ እንለዋለን። የኩባንያ ስም ግሥ ሆኖ አፋችን ውስጥ ገብቷል፤ ማንም ግራ አይጋባም። የሰው ስም ግሥ ሲሆን ግን ብዙ አያጋጥምም። ከዛሬ 160 ዓመት በፊት ለንደን ውስጥ ይህ ዕጣ ለአንድ አዛውንት ደረሳቸው። ዊሊያም ባንቲንግ ይባላሉ። ስማቸው እንደ እንግሊዝኛ ግሦች «ኢንግ» ብሎ ስለሚያልቅ ሰዉ የሥራ ስም አስመሰለው። ክብደት ለመቀነስ ምግብ መምረጥ «ባንቲንግ» ተባለ። ቀጥሎ ጅራቱን ቆርጠው «ባንት» የሚል ግሥ አወጡለት። እኛ ዛሬ ዳይት ጀመርኩ የምንለውን የዚያ ዘመን እንግሊዛውያን ባንት ማድረግ ጀመርኩ ይሉ ነበር ማለት ነው።

ስለ እሳቸው እንድጽፍ የገፋፋኝ ስልኬ ነው። ቲክቶክ በከፈትኩ ቁጥር በሁለት ሳምንት ቦርጭ የሚያጠፋ ሻይ፣ በወር 15 ኪሎ የሚያወርድ ዱቄት ይመጣብኛል። ከሥሩ ስልክ ቁጥርና የቴሌግራም ሊንክ አይጠፋም። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ መሰለኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ከዚህ የሚጠቀመው ማን ነው ብዬ ነው። የዚህ ሁሉ ገበያ የሩቅ አባት ማን ይሆን ብዬ ስቆፍር ግን ያገኘሁት ከውፍረት ምክር ሰባራ ሳንቲም ማትረፍ ያልፈለጉ ሰው ነው። እስቲ ታሪካቸውን ላውጋችሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ነገሥታትን የሚቀብር ቤት

ባንቲንግ የተወለዱት በ1796 መጨረሻ ገደማ ነው። ቤተሰቡ ለንደን፣ ሴንት ጄምስ ጎዳና ላይ የታወቀ የቀብር ሥራ ድርጅት ነበረው። ሳጥን ይሠራል፣ ሥነ ሥርዓት ያሰናዳል፣ አስከሬን ያጅባል። ታዋቂ ስል እንዲያው አይደለም፤ የእንግሊዝን ቤተ መንግሥት ቀብር የሚያስፈጽመው ይኸው ቤት ነበር። በ1820 ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛን፣ በ1830 ጆርጅ አራተኛን፣ በ1861 ደግሞ የንግሥት ቪክቶሪያን ባል ልዑል አልበርትን ሸኝቷል። ናፖሊዮንን ዋተርሎ ላይ ያሸነፉት የዌሊንግተን መስፍን በ1852 ሲሞቱም ሥራው የዚሁ ቤት ነበር። በዚያ ቀብር አስከሬኑን የጫነውን የነሐስ ሠረገላ የጎተቱት 12 ፈረሶች ናቸው። ባንቲንጎች ይህን ሥራ እስከ 1928 ይዘውት ቆይተዋል፤ ንግሥት ቪክቶሪያን ራሷንም በ1901 የቀበሯት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ዊሊያም ባንቲንግ ማለት ሀብትም ክብርም ያላቸው፣ በሥራቸው የተመሰገኑ ሰው ነበሩ። በእኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ አቦይ ዊሊያም ተብለው ከወንበር የሚነሱላቸው ዓይነት። አንድ ችግር ብቻ ነበረባቸው። ወፍረው ነበር፤ ውፍረታቸውም ከዓመት ዓመት ይጨምር ነበር።

ያልሞከሩት አልነበረም

በ60ዎቹ ዕድሜያቸው ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ማሰር አቃታቸው። ደረጃ ሲወርዱ ጉልበታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው እንዳይጎዳ ወደ ኋላ እየሄዱ ነበር የሚወርዱት። በትንሽ በትልቁ ያለከልካሉ። እምብርታቸው አካባቢ እብጠት ወጣ፣ ዓይናቸው ደከመ፣ ጆሯቸውም ከበደ። ከሁሉ የባሰው ግን የሰው አፍ ነበር። ሕዝብ በተሰበሰበበት መቀመጥ፣ የሕዝብ ማመላለሻ ላይ መሳፈር፣ ጎዳና ላይ መሄድ ራሱ አስጠላቸው፤ የሚያፌዝባቸው አይጠፋም ነበርና። ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ቦታ ሞላብን የተባለ ሰው ይህ ስሜት ይገባዋል።

ሰውየው ሰነፍ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እሳቸው ግን ሙሉ ዕድሜያቸውን በሥራ ያሳለፉ ናቸው፤ ከቤተሰባቸውም በአባትም በእናትም ወገን ወፍራም አልነበረም። አንድ ታዋቂ ሐኪም ስፖርት እንዲሠሩ መከራቸው። ቤታቸው ወንዝ አጠገብ ስለነበር ከባድ ጀልባ ገዝተው በማለዳ ለሁለት ሰዓት ያህል መቅዘፍ ጀመሩ። ጡንቻቸው ጠነከረ። ግን የምግብ ፍላጎታቸውም አብሮ ጠነከረ፤ እየበሉ ጭራሽ ጨመሩ። በመጨረሻ ራሱ ሐኪሙ ይቅርብህ አላቸው።

ከዚያ ባሕር ገብተው ዋኙ፣ በእግር ሄዱ፣ ፈረስ ጋለቡ፣ ጠበል እንደምንሄደው ወደ ታወቁ የማዕድን ውሃ ከተሞች ሄደው ጠጡ፣ ታጠቡ። ምግብ መቀነስም ሞከሩ፤ ሰውነታቸው ደከመ እንጂ ውፍረቱ አልሄደም። የቱርክ የእንፋሎት መታጠቢያ ደጋግመው ገቡ፤ ከዚያ ሁሉ ላብ በኋላ የወረደላቸው 6 ፓውንድ ያህል ነው፤ 3 ኪሎ እንኳ አይሞላም። በርካታ ሐኪሞች አይተዋቸዋል። አብዛኞቹ ውፍረትን እንደ በሽታ አልቆጠሩትም፤ ሰው ሲያረጅ የሚመጣ ነገር ነው ብለው ያልፉት ነበር።

የጆሮ ሐኪሙ

መፍትሔው የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነው። በ1862 ባንቲንግ ጆሯቸው ሲብስባቸው ዊሊያም ሃርቪ የሚባሉ የጆሮ ሐኪም ዘንድ፣ ሶሆ አደባባይ ሄዱ። ሃርቪ ከዚያ በፊት ፓሪስ ሄደው ክሎድ በርናር የተባሉት ታላቅ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ስለ ስኳር በሽታና ጉበት ስኳር ስለማምረቱ ሲያስተምሩ አዳምጠው ነበር። እዚያ የሰሙት በአእምሯቸው ውስጥ ይብላላ ነበር። የስኳር ሕመምተኛን ከስኳርና ከስታርች ማራቅ ከጠቀመ፣ ወፍራምን ሰው ቢጠቅምስ? ባንቲንግን አይተው ችግሩ ጆሮው ላይ ሳይሆን ውፍረቱ ላይ ነው አሉ። ከዚያ የሚተዉትን ዘረዘሩላቸው፦ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራ፣ ድንች።

ባንቲንግ ደነገጡ። በየቀኑ የሚበሉት በሙሉ እኮ ይኸው ነው! ቁርሳቸው ወተትና ስኳር የበዛበት ሻይ ከቅቤ ዳቦ ጋር፣ ምሳቸው ሥጋ ከዳቦና ከቢራ ጋር፣ ጣፋጭ ኬክ ሳይቀር። በቦታው የተፈቀደላቸው ይህ ነበር፦ ጠዋት ከ110 እስከ 140 ግራም ሥጋ ወይም ዓሣ፣ ያለ ወተትና ያለ ስኳር ሻይ፣ ከ30 ግራም የማይበልጥ ደረቅ ጥብስ ዳቦ። ምሳ ላይ ትንሽ ከፍ ያለ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ ከድንች በቀር አትክልት፣ ሁለት ሦስት ብርጭቆ ወይን። ወደ ማታ ፍራፍሬ፣ እራት ላይ ደግሞ እንደገና ሥጋ ወይም ዓሣ ከወይን ጋር። ወይኑ ሲደመር ዛሬ ማንም ሐኪም የማይፈቅደው መጠን ነው፤ ይህን ክፍል እባካችሁ አትኮርጁ።

ነሐሴ 26 ቀን 1862 ሲጀምሩ ቁመታቸው 165 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደታቸው 202 ፓውንድ ወይም 92 ኪሎ ገደማ ነበር። በየሦስት ሳምንቱ ገደማ እየተመዘኑ ቁጥሩን ጻፉ። አንዴ 2 ፓውንድ፣ አንዴ 3፣ አንዴ 4። በኪሎ ስታስቡት በሦስት ሳምንት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ማለት ነው። በመስከረም 1863፣ ልክ ከዓመት በኋላ፣ 156 ፓውንድ ሆኑ። 21 ኪሎ ወርዶላቸዋል፤ ወገባቸውም 31 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀንሷል። ደረጃውን እንደ ማንኛውም ሰው ፊታቸውን አዙረው መውረድ ጀመሩ፣ የጫማ ማሰሪያቸውን ራሳቸው አሰሩ፣ ጆሯቸውም ተሻለው።

ቁጥሩን በዛሬው የሰውነት ክብደት መለኪያ አስልቼው ነበር። ሲጀምሩ 33.6 ነበሩ፤ ከ30 በላይ ያለው ሐኪሞች ከልክ ያለፈ ውፍረት የሚሉት ነው። ሲጨርሱ 26 ሆኑ። ቀጭን አልሆኑም። ቀጭን ለመሆንም አልነበረም የተነሡት፤ ጫማቸውን ለማሰር ነው።

ደብዳቤው

በ1863 ባንቲንግ ስለ ውፍረት ለሕዝብ የተጻፈ ደብዳቤ የሚል ትንሽ መጽሐፍ በራሳቸው ገንዘብ አሳተሙ። የመጀመሪያውን እትም በነፃ አደሉት። ሰው እየበዛ ሲጠይቅ ቆይተው የመጣው እትም በትንሽ ዋጋ ተሸጠ፤ ትርፉን ግን ለበጎ አድራጎት ሰጡት። እኔ ይሄን ታሪክ የወደድኩት እዚህ ጋ ነው። ዛሬ ያ ሰው ቢሆን ስሙን የንግድ ምልክት አስመዝግቦ፣ በሳምንት ክፍያ አፕ ከፍቶ፣ «ባንቲንግ ሻይ» እየሸጠ ነበር። እሳቸው ሀብታም ስለነበሩ አላስፈለጋቸውም ልትሉኝ ትችላላችሁ። እውነት ነው፤ ግን ሀብታም ሆኖ ተጨማሪ የማይፈልግ ስንቱን አይታችኋል?

መጽሐፏ በአሥር ሺዎች ተሸጠች፣ ወደ ሌሎች ቋንቋዎችም ተተረጎመች። የምታስደንቅ ሆና ሳይሆን ቀላል ስለነበረች ይመስለኛል። ምን ሞክሬ ምን አቃተኝ፣ ማን ረዳኝ፣ ምን በላሁ፣ በየስንት ጊዜው ስንት ወረደልኝ፤ ይኸው ነው። የእሳቸውን አመጋገብ ከመጀመሩ በፊትም አንባቢው ሐኪም እንዲያማክር ይመክራሉ።

የሐኪሞች ማኅበረሰብ ግን ተቆጣ። ላንሴት የተባለው የታወቀ የሕክምና መጽሔት በ1864 ተቻቸው። ክሱ ሁለት ነው፦ አንደኛ፣ የሬሳ ሳጥን ሠሪ በሕክምና ምን አገባው? ሁለተኛ፣ ነገሩ አዲስ አይደለም። ሁለተኛው እውነት ነበረው። ፈረንሳዊው ብሪያ ሳቫረን በ1825 ባሳተሙት የምግብ መጽሐፍ ዱቄትና ስታርች እንደሚያወፍር ጽፈው ነበር። አንድ ሰው ቀነሰ ማለትም ሁሉም ይቀንሳል ማለት አይደለም። ግን ሐኪሞቹ ለዓመታት ይቅርብህ እያሉ የሸኙት ሰው ሲሻለው የመጀመሪያ ምላሻቸው ቁጣ መሆኑ ያሳዝናል።

ለምን ያኔ? ለምን እዚያ?

ይህን ጥያቄ የማነሳው ከተማርኩት ትምህርት የተነሳ ነው። ለዳይት የሚሆን ቃል የሚፈለገው ምግብ ሲረክስ ነው። እንግሊዝ በ1846 ከውጭ የሚገባ እህልን የሚያስወድደውን ሕግ ሰረዘች፣ የስኳር ቀረጥንም ደረጃ በደረጃ አውርዳ በ1874 ጨርሳ አነሣችው። ያኔ ነጭ ዳቦና ስኳር የሀብታም ምግብ መሆናቸው እየቀረ የሁሉም ሆኑ። ባንቲንግ የተዋቸውን ስድስት ነገሮች እዩ፤ ከቅቤው በቀር በብዛት ርካሽ ጉልበት የሚሰጡ ናቸው። ያስቀሩት ሥጋ ደግሞ ውዱ ነው። ቃሉ የተወለደው ገበያው ተለውጦ የሰው ወገብ ሲከተለው ነው።

ግን እዚያው መንግሥት ሥር፣ አየርላንድ ውስጥ፣ ከ1845 ጀምሮ በነበረው የድንች በሽታና ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል። ለባንቲንግ የተከለከለው ድንች ለእነዚያ ሰዎች ብቸኛ ምግባቸው ነበር። አንድ ባንዲራ ሥር፣ በሃያ ዓመት ልዩነት ውስጥ፣ ለአንዱ ድንች ሲጠፋ ሞት፣ ለሌላው ድንች ሲቀር ጤና።

የእኛን አገር ካነሣን ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ትዝ ይለኛል። የባንቲንግ ደብዳቤ በወጣበት በ1863 መጀመሪያ ለንደን የደረሰ የአፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ነበር፤ ለንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ፣ መልስ ሳያገኝ የተቀመጠ። ከዚያ የመጣው ጠብ በ1868 የእንግሊዝ ጦር በሰንዓፈና በአዲግራት አልፎ፣ ከመቀሌ በስተደቡብ ሕንጣሎ ላይ ሰፍሮ፣ ወደ መቅደላ እንዲሄድ ምክንያት ሆነ። ለንደን ያኔ ስለ ዳቦና ቢራ የተጻፈ ደብዳቤ ታነብ ነበር። የእኛን አላነበበችም።

ስሙ የት ደረሰ

ባንቲንግ መጋቢት 16 ቀን 1878፣ በ81 ዓመታቸው፣ ለንደን ኬንሲንግተን በሚገኘው ቤታቸው ሞቱ። የተቀበሩት በብሮምፕተን መቃብር ነው። እንግሊዝኛ ቀስ በቀስ ረሳቸው፤ ዛሬ ለንደን ውስጥ አንድ ወጣት ባንት አድርግ ብትሉት ምን ማለታችሁ እንደሆነ አይገባውም። ጀርመኖችም «ባንቲንግ ኩር» ይሉት ነበር፤ የባንቲንግ ሕክምና ማለት ነው። ስዊድን ውስጥ ግን አልሞተም። በስዊድንኛ ክብደት ለመቀነስ ምግብ መቀነስ እስከ ዛሬ «ባንታ» ነው። ስቶክሆልም ወይም ዮተቦሪ ዘመድ ያላችሁ ጠይቋቸው፤ ቃሉን በየቀኑ ይሰሙታል፣ የሬሳ ሳጥን ሠሪ ስም መሆኑን ግን ምናልባት አያውቁም።

ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ስሙ ከሞት ተነሥቷል። ፕሮፌሰር ቲም ኖክስ የተባሉ የስፖርት ሳይንስ ሊቅ ከሌሎች ጋር በ2013 ባሳተሙት መጽሐፍ ዱቄትና ስኳር የሚያስቀር፣ ስብ የሚያበዛ አመጋገብ ሲያስተዋውቁ ሰዉ ባንቲንግ አለው። ነገሩ እስከ ሙያ ሥነ ምግባር ችሎት ደርሶ በ2017 ነፃ ወጥተዋል። ክርክሩ ግን ዛሬም ቀጥሏል። በነገራችን ላይ ኢንሱሊንን ካገኙት አንዱ የሆኑት፣ በ1923 ኖቤል የተሸለሙት ካናዳዊው ፍሬድሪክ ባንቲንግ ሌላ ሰው ናቸው። ኢንተርኔት ላይ ሲያደባልቋቸው ብታዩ አትሳቱ።

ከዓይናለም ሲታይ

እኔ የምኖረው ዓይናለም ነው፣ የመቀሌን የቧንቧ ውሃ ከሚመግቡት ጉድጓዶች አካባቢ። ለጥናት ያህል የባንቲንግን ዝርዝር እኛ ሰፈር ላይ አምጥቼ አሰብኩት። ሕምባሻ ይቅር፣ ስዋ ይቅር፣ በሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣው ሻይ ይቅር፣ በምትኩ በቀን ሦስቴ ሥጋ። ለአብዛኛው ቤት ይሄ ቀልድ ነው። የእሱን ምግብ ዝርዝር የሚገለብጥ የኢንስታግራም ገጽ ለማን እንደሚያወራ መጠየቅ አለበት።

አማርኛም ትግርኛም ለዚህ ነገር የራሱ የሆነ የቆየ ግሥ የለውም ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም፤ «ዳይት»ን ከውጭ ወሰድን። ያሉን ቃላት ሌሎች ናቸው። ጾም አለን፤ እሱ ለነፍስ ነው። ረሃብ አለን፤ እሱ ማንም ያልመረጠው ነው። 1977 ዓ.ም. መቀሌ ዙሪያ መጠለያ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ዛሬ አያቶቻችን ናቸው። ከ2013 ዓ.ም. በኋላ የነበረውን ደግሞ እኛው አይተነዋል። ስለዚህ እናቶቻችን ወፈርክ ሲሉ ምስጋና፣ ቀጠንክ ሲሉ ስጋት የሆነው በአላዋቂነት አይደለም። ትዝታ ነው። ያንን ትዝታ ኋላ ቀር እያሉ የሚያላግጡ ቪዲዮዎች ያናድዱኛል።

በሌላ በኩል ደም ግፊትና ስኳር በሽታ ከተማችን ውስጥ መኖራቸውን ማንም ያውቃል። ውፍረት የከበደው ሰው እንደ ባንቲንግ ዝም ብሎ መሣቂያ መሆን የለበትም፤ ይቅርብህ ተብሎም መሸኘት የለበትም። እኔን የሚያስፈራኝ በመሀል ያለው ነው፦ ምንም ያልሆነች የ17 ዓመት ልጅ ስልኳ ላይ ባየችው ሰውነት ምክንያት ቁርስና ምሳ ስትዘል፣ ከቤተሰብ የተቀበለችውን ብር ምን እንዳለበት ለማይታወቅ ዱቄት ስትልክ። ያ ጾም አይደለም። ዳይትም አይደለም። ገዝተን ያመጣነው ረሃብ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ማስታወቂያ ሲመጣባችሁ አዛውንቱ ባንቲንግ የመለሷቸውን ጥያቄዎች ጠይቁት። በስንት ጊዜ ስንት ኪሎ? (እሳቸውን ዓመት ፈጅቶባቸዋል።) ያየህ ሐኪም ማን ነው? ሳይሳካልህ የቀረውንስ ለምን አልነገርከኝም? ከነገርከኝ ነገር የምታተርፈውስ ስንት ነው? አራቱን የሚመልስ ካገኛችሁ ስሙን ግሥ አድርጉለት። የማይመልስ ከሆነ ሊንኩን እለፉትና፣ ውፍረቱ በእርግጥ ካስቸገራችሁ፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመዘኑ።